አሥራ ሁለት ደቂቃ በአቦ ደጃፍ

ጠይባ ሸምሱ በዘጠኝ ዓመቷ የአባቷን ራዲዮ ፈትታ፣ «ታዲያ የሚያወራው ሰውዬ የት ሄደ?» ብላ በመጠየቋ የተገረፈች ልጅ ነበረች። ግርፊያው ለራዲዮውም ለእሷም አልጠቀመም። አባቷ ውለው አድረው መቆጣቱ ሲሰለቻቸው ሙያቸውን አስተማሯትና ተገላገሉ። በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ካለችው የቆርቆሮ ሱቅ ተቀምጣ፣ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተርና ዲናሞ እየፈታች እንደገና ሽቦ የምትጠቀልለው እሷ ሆነች። አባቷ ዓይናቸው ስለደከመ ቤት ውለዋል። የሰፈሩ ሴቶች «ባል ብታገኝም ፈትታ ሳታየው አታድርም» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ውሸት ነው ግን አትልም።

በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ቀጭን ወጣት ሞተር ሳይክል እየገፋ ሱቋ በር ላይ ቆመ። ኢታና ይባላል፤ የወለጋ ልጅ ነው፤ በየካ በኩል ካለ ጤና ጣቢያ የክትባት ሠራተኛ። በየቀኑ የበረዶ ሣጥኑን ከኋላው አስሮ እንጦጦ ላይ ወዳሉት መንደሮች ይወጣል። ይወጣል ማለት፣ ሞተሩ ከፈቀደለት ነው።

«እስከ ዳገቱ ወገብ እሳት የላሰ ነው» አላት። «አቦ ደጃፍ ስደርስ ይሞታል። ሁልጊዜ እዚያው።»

«ሁልጊዜ?»

«አንድ ቀን አምስት ክንድ አለፍ ይላል፤ አንድ ቀን አምስት ክንድ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ አይዘልም።»

ጠይባ የያዘችውን ሽቦ አስቀመጠች። ስለ ዋጋም ስለ ጊዜም አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው።

ሌላው ነገር ቀስ እያለ ወጣ። የዳገት አቦ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከባሕር ዛፉ መሃል፣ መንገዱ ለአንድ አፍታ ሜዳ በሚሆንበት ስፍራ። ኢታና ጴንጤ ነው። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሞተሩ እዚያ ደጃፍ ደጋግሞ ሲቆም አይተው ፈረዱ፤ ደጁን ሳይሳለም ሽው ብሎ ሊያልፍ የሚሞክረውን መናፍቅ አቦ ያዘው አሉ። ከዚያ ወዲያ ልጆቻቸውን ከእሱ መርፌ መሸሸግ ጀመሩ። የጤና ጣቢያው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ጓድ አካሉ ደግሞ ሌላ ፈረደ። ጻድቅ ሞተር አያስቆምም፤ ሞተርን የሚያስቆም ሰው ነው። ስለዚህ ኢታና የመንግሥትን ሥራ ለማሰናከል ብሎ ራሱ እያጠፋው ነው፤ የዚህም ስሙ አሻጥር ነው አለ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ጉዳዩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስብሰባ ሊታይ ተቀጥሯል። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባለዋ ቃል ሰውን ከቤቱ አውጥታ የት እንዳደረሰችው ሳይታወቅ የምታስቀር ነበረች።

«ሞተሩን የጠየቀው ሰው የለም?» አለች ጠይባ።

«ሁለት መካኒክ አይቶታል። ካንዴላውን ሦስት ጊዜ ቀየሩ፤ ካርቡራተሩን አራት ጊዜ አጠቡ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑ ነው። ጠይባ ፔዳሉን ረገጠች፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ሚኒሞው፣ ማለት ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲሠራ፣ ጸጥ ያለ ጨዋ ሞተር ነው። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ጆሮዋን ሰጠችው። ደንበኛ መጥቶ ሄደ፤ አልሰማችም። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ ብረቱ ሲግል፣ ሚኒሞው መንገዳገድ ጀመረ፤ ወረድ፣ ከፍ፣ ደግሞ ወረድ። ግን አልሞተም።

«ነገ አብሬህ እወጣለሁ» አለችው።

አሳየች የምትባለው ልብስ ሰፊ ጎረቤቷ ይህን ሰምታ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «አንቺ፣ ከጴንጤ ኋላ ተፈናጥጠሽ?»

«ከሞተሩ ኋላ ነው የምፈናጠጠው» አለች ጠይባ።

ማክሰኞ ጠዋት የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን በሻሿ ጠቅልላ፣ የበረዶ ሣጥኑን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ወጣች። ዳገቱ ሲጀምር ኢታና ማርሹን አወረደ፤ ሞተሩ እያቃሰተ ወጣ። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ። የአቦ ቆርቆሮ ከዛፎቹ መሃል ብልጭ ሲል ሞተሩ አንዴ ተንተባተበ፣ ሁለቴ አሳለና ሞተ። ደጃፉ ላይ፣ በትክክል።

ጠይባ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት። የኢታናን ፊት አየችና ዋጠችው።

ወረደች፣ ካንዴላውን ነቅላ ገመዱ ላይ እንዳለ ከሞተሩ ብረት አስጠግታ ያዘችው። «እርገጥ!» ረገጠ። «ደግመህ!» ደገመ። ካንዴላው ጫፍ ላይ ምንም የለም። «እሳት የለም» አለች። «ቤንዚኑን ሲወቅሱት የከረሙት በከንቱ ነው። እሳቱ ነው የሚጠፋው።» ሰዓቷን አየችና ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ አራት ሰዓት ከአሥር።

ይሄኔ እንጨት ተሸካሚዎቹ ደረሱ። አገርነሽ የምትባለዋ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ሸክሟን ከግንቡ አስደግፋ ላቧን ጠረገች።

«ዛሬም? አንተ ልጅ፣ ወርደህ ብትሳለም ምን ይጎድልብሃል?»

ኢታና መሬት መሬቱን አየ።

«ልጄን አላሳይህም ያልኩት ለዚህ ነው» አለች አገርነሽ፣ ቁጣ ሳይሆን ኀዘን ባለበት ድምፅ። «አቦ የገፋውን ሰው እጅ እንዴት አድርጌ ልጄ ላይ ላሳርፍ? አንተስ ብትሆን ታደርገዋለህ?»

ጠይባ ይህን ስታዳምጥ አንድ ሐሳብ ከነከናት። ሴቶቹ ራቅ ብለው ሲቀመጡ ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። «አንዴ ተሳልመህ ብታየውስ? ለሙከራ ያህል ነው የምልህ። እኔም የማንም ወገን አይደለሁም።»

 «ፈርቼ ነው» አላት ኢታና። «ተሳልሜ ባይነሳ ግድ የለኝም። ቢነሳስ? ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆነ። ወንድሜ በዚሁ እምነት ታስሮ ነው ያለው። እኔ በአንድ ሞተር ልጥለው?»

እሷ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። መፈታት የሌለበት ነገር እንዳለ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀችው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩ ጎን ቁጢጥ አለች፤ የጎን ክዳኑን ነካ አድርጋ እጇን ሳበች። ያቃጥላል። በየደቂቃው ነካች፣ በየደቂቃው «እርገጥ» አለች። አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ካንዴላው ጫፍ ሰማያዊ እሳት ቋ አለ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ። ማንም አልተሳለመም።

«ለእስላሟ እንግዳ ብሎ ነው የለቀቀህ!» አለች አገርነሽ ከኋላቸው። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ረቡዕ ሱቋን ዘግታ ክዳኑን ፈታች። በዱሮዎቹ ሞተሮች እሳቱን የሚያዘው ፑንቲና ነበር፤ ይህ ግን ጃፓን ሠራሽ ነው፣ ፑንቲና የለውም። በፑንቲና ፋንታ ከቮላኖው፣ ማግኔት ይዞ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ጥግ አውራ ጣት የምታክል ትንሽ የሽቦ ጥቅል ተቀምጣለች። ቮላኖው በዞረ ቁጥር ማግኔቱ በአጠገቧ ሲያልፍ ይሰማትና «አሁን!» ብላ ለእሳቱ ትናገራለች። መጽሐፉ ሴንሰር ይላታል። እሷ ዝም ካለች ሞተሩ መቼ እሳት እንደሚለኩስ አያውቅም፤ ቤንዚኑም ካንዴላውም ደህና ሆነው ቆሞ ይቀራል።

በቴስተር ለካቻት፤ ደህና ናት። ታዲያ ሞተሩም ጠዋት ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ደህና ነበር። ጠይባ ወደ አሳየች ሄደች።

«ካውያሽን አውሺኝ።»

«ልብስ ልትተኩሺ? አንቺ?»

ፍሙ ገና ያልከሰመውን ካውያ ገልብጣ፣ ጥቅሏን በጨርቅ አድርጋ ላዩ ላይ አስቀመጠቻት፤ የቴስተሩን ሁለት ሽቦ አያያዘች። የመለኪያው ቀስት ወደ ላይ ተነሳ። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው አዩት። ጥቂት ቆይቶ ቀስቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሄደ፣ መጣ፤ ከዚያ ዘጭ ብሎ ወደቀና ቀረ። ጠይባ ጥቅሏን አንስታ እፍ አለችባት። ስትቀዘቅዝ ቀስቱ ተነሳ። ደግማ አሞቀቻት፤ ወደቀ። ከውስጥ የሆነ ቦታ ሽቦዋ ተሰንጥቃለች፤ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት መንገድ ያቋርጥ የነበረ ሰው አስቁሟል።

ኢታና ይህን በጆሮው ሲሰማ እንባው መጣ። ሮጦ ለጓድ አካሉ ነገረው። ሲመለስ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ‹ካንተ በፊት ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ይህንኑ ሞተር አራት ዓመት ሲነዱት ሙቀት የሚባል ነገር አልተፈጠረም ነበር?› አለኝ። አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም ብለው ፈርመዋል። ወረቀቱን አሳየኝ።»

 ጠይባን ከሁሉ ያናደዳት ጥያቄው ጥሩ መሆኑ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ገባች። ኃይለጊዮርጊስ ፀጉራቸው የሸበተ ድሬሰር፣ የቁስል አካሚ፣ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው ባለፈው ሰኔ ሞተሩን ለኢታና አስረክበው ካርድ ይጽፋሉ። ሲያነጋግሯት ቅን ሰው መሆናቸው ታየ።

«አንድም ቀን አልቆመብኝም፣ ልጄ። ልዋሽ?»

«ደጃፉ ላይ ስትደርሱስ ጋሼ? ተንገዳግዶ እንኳ አያውቅም?»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እሱስ በኋላ በኋላ ይንገዳገድ ነበር።»

«ያኔ ምን ያደርጉ ነበር?»

ተነስተው በሩን ገርበብ አደረጉ። «ለማንም አትናገሪም?»

«አልናገርም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«ከመጀመሪያውም ከደጁ ስደርስ አጥፍቼ እወርዳለሁ። ሳልሳለም አልፌ አላውቅም። ከግንቡ ኋላ፣ ሰው ከማያየኝ፣ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ። መጨረሻ ላይ ሞተሩ ራሱ መንገዳገድ ሲጀምር አቦ ሲጠራኝ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩና ተዉት። «የውይይት ክበቡ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ልጄ። በሥራ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል ብባል ጡረታዬም የለም።»

ጠይባ ቁጭ ባለችበት ሁሉ ነገር ግጥም አለላት። ሞተሩ ያን ጊዜም ታሞ ነበር፤ ግን ሊሞት ሲል እሳቸው ያሳርፉታል፤ ቀዝቅዞ ይነሳል። ኢታና ስለማይሳለም አያሳርፈውም። ጥያቄው እንዲህ ተፈትቶ እጇ ላይ ገባ፤ እሷ ግን ወላሂ ብላለች። በዘጠኝ ዓመቷ ካገኛት ግርፊያ ይልቅ ይሄ አመማት።

«ልጁ ይታሰራል፣ ጋሼ» አለች ብቻ። እሳቸው ካርዱን መጻፍ ጀመሩ። 

ዓርብ ስምንት ሰዓት ሠላሳ የሚሆን ሠራተኛ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። ጠይባ ካውያ ይዛ መግባቷ ለጥቂቶች ሳቅ ሆነ። ጥቅሏን አሞቀች፤ ቀስቱ ወደቀ። አቀዘቀዘች፤ ተነሳ። ሳቁ ቀርቶ ሰዉ አንገቱን ያሰግግ ጀመር። ጓድ አካሉ ራሱ መነጽሩን አስተካክሎ ጠጋ ብሎ አየ። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ክፉም አይመስልም፤ ይህ ደግሞ ያስፈራል።

«አየሁ፣ ጓዲት» አለ። «ለአራት ዓመት ግን ጓድ ኃይለጊዮርጊስን ያላስቸገረ ሞተር፣ ኢታና ሲይዘው አራት ወር ሳይሞላ በየቀኑ አንድ ቦታ ይቆማል። ሽቦዋ ሰው ለይታ ነው የምትሞቀው?»

 ጠይባ የካውያውን እጀታ ጨብጣ መሬት መሬት አየች። ኢታና ወደ እሷ ተመለከተ፤ መልስ እንዳላትና እንደማትናገር ከፊቷ ያነበበ ይመስላል። ጓድ አካሉ ብዕሩን አነሳ።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ኃይለጊዮርጊስ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጓዶች፣ ሞተሩ በእኔም ጊዜ ይቆም ነበር» አሉ። «የማቆመው እኔ ነበርኩ።»

«የት?»

«አቦ ደጃፍ። እዚያ ወርጄ እጸልይ ነበር።»

«በሥራ ሰዓት?»

«በሥራ ሰዓት።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት ዓመት።» ድምፃቸው ሰለለ፤ ግን አልተቋረጠም። «የፈረምኩት ውሸት አልነበረም። ሙሉውም ግን አልነበረም። ልጁ በእኔ ወረቀት ሲከሰስ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

«ለምን ያህል ጊዜ ነበር የሚቆሙት?»

«እንደ ዕለቱ ነው። ግፋ ቢል አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

ጠይባ ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ብጣሽ ወረቀት ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጓድ አካሉ አነበበው፤ አራት ሰዓት ከአሥር፣ አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት።  ከዚያ መጻፍ ጀመረ፤ ሲጽፍም ማንንም አላየም። ጨርሶ አነበበው።

አንደኛ፣ በኢታና ላይ የቀረበው ክስ አልተረጋገጠም። ሁለተኛ፣ መለዋወጫ እስኪገኝ ድረስ ሞተሩ በዳገቱ ወገብ በሚገኘው ሜዳማ ስፍራ በየቀኑ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ እንዲያርፍ ታዟል። ሦስተኛ፣ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ የሥራ ሰዓት ላልተገባ ጉዳይ በማዋላቸው ከካርድ ክፍል ተነስተው፣ ከኢታና ጋር እየተፈናጠጡ የሞተሩን ዕረፍት በሰዓት እንዲቆጣጠሩ ተቀጥተዋል።

አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ጎረቤቱ ረገጠው። በዚያ ዳገት ላይ ከአቦ ደጃፍ በቀር ሜዳ አለመኖሩን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ጓድ አካሉ ያውቅ እንደሆነ ወይም አላውቅም ብሎ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። ኢታና ከአዳራሹ ሲወጣ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ኃይለጊዮርጊስ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

መለዋወጫው አልመጣም። ጠይባም የጥቅሏን አምሳያ ሌላ አዲስ ልትጠቀልል ፈለገች፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ግን ከመርካቶም አጣች። ወር ያህል ስትብሰለሰል አባቷ ሰሙና ከአልጋቸው ሥር አንድ ካርቶን አስወጧት። የዱሮው ራዲዮ ነው፣ ፈትታ የገደለችው። ከሆዱ ካለው ትራንስፎርመር የሚፈለገው ቀጭን ሽቦ ወጣ።

«ያ ሰውዬ በመጨረሻ ሥራ አገኘ» አሉ አባቷ።

ጠቅልላ፣ በቫርኒሽ አድርቃ፣ በካውያ ደጋግማ ፈትና፣ በኅዳር አንድ ጠዋት በእግሯ ዳገቱን ወጣች። ሞተሩ አቦ ደጃፍ ቆሟል። የበረዶ ሣጥኑ ድንጋይ ላይ ተከፍቷል። ኃይለጊዮርጊስ ከግንቡ ፊት ለፊት፣ ሁሉ እያያቸው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይደግማሉ። ኢታና መርፌ ይዟል፤ ከፊቱ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል፤ የመጀመሪያዋ አገርነሽ ናት።

«አየሽ?» አለቻት አገርነሽ። «እምቢ ያለውን አቦ በየቀኑ ያስቆመዋል።»

ጠይባ አዲሷን ጥቅል ከኪሷ አውጥታ ለኢታና አሳየችው። «ካሁን በኋላ መቆም የለብህም። አንዴም ሳይንገዳገድ ጫፍ ድረስ ይወስድሃል።»

ኢታና ጥቅሏን አየ፤ ከዚያ ሰልፉን አየ። የአገርነሽን ልጅ ክንድ በጥጥ ጠረገና፣ «ግጠሚው» አላት። «ብቻ ለጓድ አካሉ እንዳትነግሪው።»

ገጠመችው። አንዴ ቢረግጡት ተነሳ፤ ሚኒሞው ጸጥ ብሎ፣ ሳይወርድ ሳይወጣ ሠራ። ጠይባ ጆሮዋን ሰጥታ ልትሰማው ቁጢጥ አለች። ኢታና ግን እጁን ሰዶ አጠፋው፤ ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ ገና አልጨረሱም ነበር።